ዘይት ዘይት ነው

ሰኞ፣ ጥቅምት 24

ዝናብ። ትራሟ ዘገየች፣ ራይስዋይክ ጋራዡ ስደርስ ጫማዬ በስብሷል። ሁለት ፍሬን፣ አንድ ባትሪ። ከሰዓት በኋላ ሱፐርቻርጀር ያለው መኪና መጣ። አለቃዬ እንደ ልማዱ ቁልፉን ወረወረልኝ። እዚህ ጋራዥ ሱፐርቻርጀር የእኔ ሥራ ነው።

የመኪናው ባለቤት የደች ሽማግሌ ነው። የገዛውን ነገር ምንነት እንኳ አያውቅም። አሳየሁት። ሞተር ነዳጁን ለማቃጠል አየር ይፈልጋል፤ ራሱ የሚስበው ግን የተወሰነ ነው። ሱፐርቻርጀሩ በቺንጊያ፣ በጎማ ቀበቶ፣ ከሞተሩ ጋር ታስሮ ይዞራል፤ ውስጡ ሁለት ጥምዝ ብረቶች ሳይነካኩ ይሽከረከራሉ፣ አየሩን ጠቅጥቀው ያስገቡለታል። ጉልበቱ ከዚያ ነው። የሚጠይቀው ደግሞ ጥቂት... ንጹህ የአየር ማጣሪያ፣ ያልተሰነጣጠቀ ቺንጊያ፣ የራሱ ዘይት። ሁለት ስኒ እንኳ የማትሞላ፣ ከሞተሩ ዘይት ጋር የማትገናኝ። ሰው ሁሉ የሚረሳት እሷን ነው።

ይህን ባወራሁ ቁጥር ፈቃደ ትዝ ይለኛል። ሦስት ዓመት አለፈው። ዛሬም ጥርሴን ነከስኩ።

ማክሰኞ፣ ጥቅምት 25

ጉድ! የፈቃደ ልጅ መጣች፣ ረሆቦት። በኢንተርኔት አፍስፕራክ፣ ቀጠሮ፣ ይዛ፣ የአባቷን ባለሱፐርቻርጀር መኪና እየነዳች። እኔ እዚህ መሥራቴን አታውቅም ነበር።

"ሰገነት! አንቺ ነሽ? ጠዋት ሲነሳ ይጮኻል፣ ከዚያ ደግሞ ያንኳኳል። በየቀኑ ከቢልመር እስከ ዴን ሃግ ከተማ የምነዳው እኔ ነኝ፣ ኤኽት፣ በእውነት ያስፈራል።"

"ማን ነካው?"

"ፓፓ ራሱ። ባለፈው ወር ዘይት ጨመረበት። ለምን ጋራዥ አትወስደውም ስለው፣ ዘይት ዘይት ነው አለኝ።"

ዘይት ዘይት ነው። ያኔም ያላት ይህችኑ ነበር። ደሜ ፈላ።

ልጻፈው፣ ይውጣልኝ። ያኔ ቅዳሜ ቅዳሜ ከቤተ ክርስቲያናችን አዳራሽ ጀርባ የወንድሞችን መኪና በነፃ እናይ ነበር። እሱ አዲስ አበባ ሃያ ዓመት የሠራ መካኒክ፣ እኔ ገና ተማሪ። የአንዱ አባል፣ የዘአማኑኤል መኪና ሱፐርቻርጀር ነበረው። "የራሱ ዘይት አለው፣ እንዘዝለት" አልኩ። ሳቀብኝ። "ዘይት ዘይት ነው ልጄ" ብሎ የሞተር ዘይት ሞላበት። በወሩ ብረቶቹ የሚዞሩበት ኩሽኔታ ተበላ፣ ሱፐርቻርጀሩ ነክሶ ቆመ። የቤተ ክርስቲያኑ ሽማግሌዎች ሲጠይቁት ምን አለ? "ልጅቷ ናት የነካችው።"

ማን ይመነኝ? ከፍቶ ያየ ሰው የለም። በእኛ ቤት ነገር የሚያልቀው በእርቅ ነው... ትንሹ ይቅርታ ይጠይቃል፣ ትልቁ ይመርቃል፣ አለቀ። ጉባኤው ፊት አቆሙኝ። ድምፄ አልወጣ አለኝ። የሽማግሌዎቹ ሰብሳቢ ጋሽ ዮሐንስ "ከኋላ ያሉት አልሰሙም፣ ድገሚው ልጄ" አሉ። ደገምኩት። ፈቃደ ደግሞ ራሴን ዳሰሰኝ! "ወጣት ናት፣ ትማራለች" ብሎ። ከዚያ ወዲህ ከዚያ ጉባኤ አንድም ሰው መኪናውን አስነክቶኝ አያውቅም።

በአፌ እርስዎ እለዋለሁ። እዚህ ደብተር ላይ ግን አንቱታ የለውም። የወጋ ቢረሳ የተወጋ አይረሳም።

ረቡዕ፣ ጥቅምት 26

ሞተሩ ቀዝቅዞ አደረ። መኪናውን ደልዳላ ቦታ አቆምኩ፣ የሱፐርቻርጀሩን የዘይት ብሎን ፈታሁ፣ በሲሪንጅ መጠጥኩ። ጥቁር፣ ወፍራም፣ እስከ አፉ የተሞላ። የሞተር ዘይት! በማርማላታ ጠርሙስ አስቀመጥኩት፣ ታርጋና ቀን ጻፍኩበት። ኩሽኔታው ሲዞር ይሻክራል። ገና ግን አልሞተም።

ዘግቼ "ምንም የለውም" ብለውስ? በሁለት ሳምንት ይነክሳል። ቺንጊያው ይበጠሳል፣ መሪው ይከብዳል፣ አውራ ጎዳና ላይ ገትሮት ይቀራል። ሳንድዊቼን እስክጨርስ ይህችን ሐሳብ ሳጣጥማት ቆየሁ። ጣፋጭ ነበረች፣ አልዋሽም።

ግን መሪውን የምትይዘው ማን ናት? ረሆቦት... እሷ ምን አደረገችኝ?

ተውኩት። ኩሽኔታ አዘዝኩ። እኔ የምፈልገው እውነቱን ከእሱ አፍ ነው።

ሐሙስ፣ ጥቅምት 27

ኩሽኔታው ደረሰ፣ ቀየርኩ። የራሱን ዘይት እስከ ልኩ፣ ጠብታ ሳላተርፍ። አዲስ ቺንጊያ። አስነሳሁት... ቆሞ ሚኒሞ ላይ ሲዞር ጸጥ፣ ቤንዚን ስሰጠው ያቺ ቀጭን ፉጨት ብቻ። እንዲህ አሳምሬ የሠራሁት መኪና የለም። በቀል ሲያተጋ!

ዓርብ፣ ጥቅምት 28

ራሱ መጣ። ሲያየኝ በሩ ላይ ቀረ።

"አንቺ ነሽ የሠራሽው?"

"እኔ ነኝ ጋሽ ፈቃደ። ይግቡ እንጂ።"

ጠርሙሱን ጠረጴዛው ላይ አኖርኩ፣ አጠገቡ አዲሱን ዘይት። "ይህ ከመኪናዎ የወጣው ነው። ይህ ደግሞ መሆን የነበረበት። የዘአማኑኤል መኪና ውስጥስ የትኛውን ነበር የጨመሩት?"

አለቃዬን አየ፣ መሬቱን አየ።

"ሰገነት፣ ልጄ... ይቅርታ አድርጊልኝ። እዚሁ፣ በሁለታችን መሀል ይለቅ።"

"እኔን ይቅርታ ያስጠየቁኝ ጋራዥ ውስጥ አልነበረም።"

"በዚህ ዕድሜዬ ልታዋርጂኝ?"

"እኔ ያኔ ሃያ ሁለት ዓመቴ ነበር።"

ቁልፉን ሰጠሁት። "እሑድ ጉባኤው ፊት ይነሱ። እርስዎ ካልተነሱ እኔ ጠርሙሱን ይዤ እነሳለሁ።"

ሲወጣ ጠርሙሱን ቦርሳዬ ውስጥ ከተትኩ። ደስ አለኝ? እንጃ።

ቅዳሜ፣ ጥቅምት 29

አልደወለም። ጠርሙሱ በፌስታል ሁለት ጊዜ ተጠቅልሎ ቦርሳዬ ውስጥ ነው። ልብሴንም መርጫለሁ። ያኔ ያቆሙኝ ዕለት የለበስኩትን ቀሚስ።

እሑድ፣ ጥቅምት 30

ተነሳ።

"የዘአማኑኤልን መኪና ያበላሸሁት እኔ ነኝ። ሰገነት አልነካችውም። ይቅርታ።" ወደ ደረቱ አጉተመተመ። ረሆቦት አንገቷን ደፋች፤ እሷን ሳይ ብቻ ሆዴ ባባ። ጋሽ ዮሐንስ ወዲያው ሊመርቁ እጃቸውን አነሱ። በእሳቸው ቤት አልቋል።

ተነሳሁ።

"ጋሽ ዮሐንስ፣ ከኋላ ያሉት አልሰሙም። ጋሽ ፈቃደ ይድገሙት።"

ጋሽ ዮሐንስ ትክ ብለው አዩኝ... ቀሚሴን አዩ... አስታወሱ። እጃቸውን ቀስ ብለው አወረዱ።

"ድገመው፣ ፈቃደ።"

ደገመው። ጮክ ብሎ፣ እስከ መጨረሻው ወንበር።

ይቅር አልኩት ወይ? አላልኩትም። ወደ ፊት እንጃ። ዛሬ ግን አላልኩትም።

ስወጣ ዘአማኑኤል በሩ ላይ ቆሞ ጠበቀኝ። ዓይኔን ማየት አቃተው። የመኪናውን ቁልፍ እጄ ላይ አስቀምጦ "ዘይቱን አንቺ እይልኝ" አለኝ።

ነገ ጠዋት መጀመሪያ የእሱን መኪና አነሳለሁ። ጠርሙሱን? ገና አልጣልኩትም።