ለጋሼ እጅ የሚሆን ብሌድ

ሴፕቴምበር 4፣ ጠዋት፣ ከሺፍት በፊት

የወንድሜን የጋሼን ጺም ላጨሁ። ቁርስ አጥሚት፣ ወፈር ያለ። ቀጭን ነገር ትን ይለዋል። የመተንፈሻ ማሽኑን ከፊቱ አነሣሁለት። የማስኩ መስመር ጉንጩ ላይ ቀርቷል፣ እስከ ምሳ አይጠፋም።

ትናንት ሜዲካል ዲስትሪክት፣ ሐኪም ቤት ነበርን። ማታ ልነግርሽ አስቤ ሳልጽፍ አደርኩ፣ ደብተሬ። ዶ/ሩ ጡንቻውን የሚያደክመው በሽታ ከእጅና ከእግሩ አልፎ ወደ መተንፈሻው ጡንቻ እየሄደ ነው አለ። ማስኩ ብዙ አያቆየውም። ከዚያ በኋላ ወይ ጉሮሮው ተበስቶ በማሽን መኖር ነው፣ ወይ ደግሞ... ሁለተኛውን ለስለስ አድርጎ ነው የተናገረው። ሩት፣ የጋሼ ልጅ፣ ወዲያው ይበሳ አለች።  ጋሼ ግን ምላሱ እየተሳሰረ፣ መጀመሪያ ሐይቅ ልሂድ፣ መልሱን ስመለስ እነግራችኋለሁ አለ። ንግግሩ አሁን የሚገባው ለእኔ ብቻ ነው፤ ተረጎምኩላቸው።

ዶ/ሩ የምን ሐይቅ እንደሆነ ግራ ገባው። እኔ ግን ወዲያው ገባኝ። የመስኪ ነገር ነው።

ሴፕቴምበር 5

ከሥራ ኦፍ ነኝ። የጋሼን የዓሣ ሳጥን ከጋራዥ አወጣሁ። ሚኒሶታ አውቶቡስ ሲነዳ በኖረባቸው ዓመታት ያጠራቀመው ነው። መስኪ ማለት፣ ካላወቅሽ፣ እንደ ሰው እግር የሚረዝም፣ አፉ ሁሉ ጥርስ የሆነ ዓሣ ነው። ቀኑን ሙሉ ተወርውሮለት ላይመጣ ይችላል። ቢያዝም ጋሼ አይበላውም። አይቶ ይለቀዋል። እናታችን በሕይወት ሳለች ይህን በስልክ ሰምታ፣ ታዲያ ለምን ይለፋል ብላ ስቃ ነበር።

እዚህ ቬጋስ አካባቢ የለም። ዩታ ውስጥ አንድ የተራራ ሐይቅ ላይ የተዳቀለው ዓይነት አለ፣ ጎኑ ዥንጉርጉር። ጠዋት ተነሥቶ ከሰዓት የሚደረስበት። ጋሼ ጤነኛ ሳለ ሄዶበታል። ብርዱ ሳይገባ መሄድ አለብን። ብርድ ደረቱን ይይዘዋል።

ሳጥኑ ውስጥ የሚበዛው ባክቴይል የሚሉት ነው። ከአጋዘን ጭራ ፀጉር የታሰረ ማጥመጃ። ከፀጉሩ ፊት ብሌድ አለ፣ እንደ ማንኪያ አፍ የጎበጠ ስስ ብረት። ሲጎተት ይሽከረከራል፣ ውሃውን ያንቀጠቅጣል፣ ዓሣው ንዝረቱን ተከትሎ ይመጣል። ጋሼ ሁለትና ሦስት ብሌድ ያላቸውን ነው የሚወደው። አንድ በአንድ እያነሣሁ አሳየሁት። በዓይኑ መረጠ፤ ክብ፣ ትልልቅ፣ ጭልፋ የሚያህሉ ሁለት ብሌዶች ያሉበትን።

የማጥመጃ ዘንጉን ጭኑ ላይ አስያዝኩት። የክር መጠቅለያውን እጀታ ቀስ እያለ ማዞር ይችላል። መወርወር ግን አይችልም። እኔ እወረውራለሁ፣ አንተ ታጠነጥናለህ አልኩት። ፊቱ በራ። ብዙ ቀን አላየሁትም እንዲህ።

ሴፕቴምበር 7፣ ከሰዓት

ሩት ቤት፣ ሮድስ ራንች ሰፈር። ጓሮዋ ትንሽ መዋኛ ገንዳ አለ። ገንዳውን እንዳይቀዱ መንጠቆዎቹን በጉጠት ቆርጬ ጣልኩ።

ሩት ተቆጥታለች። ስትቆጣ አማርኛዋ ይሰባበራል። "እኔ አይገባኝም፣ አንቲ። አባ መተንፈስ ሃርድ ነው ለሱ። ለምን ፊሺንግ? ዶክተሩ አንሰር ይፈልጋል።" ጋሼ ዊልቸሩ ላይ ሆኖ ሰማት።  በአገጩ ወደ ዘንጉ አመለከተኝ።

ወረወርኩ። እሱ አጠነጠነ። ትልልቆቹ ሁለት ብሌዶች ተነሡ፣ ውሃው ተናጠ፣ ክንዱ ተንቀጠቀጠ፣ ቆመ። ደገመ። ቆመ። በጣም ይከብዱታል።

እንደ ባሕር ዛፍ ቅጠል የቀጠኑትን አሰርኩ። እነሱ ቀለሉት። ግን በእሱ ፍጥነት አይሽከረከሩም፣ ዝም ብለው ተንጠልጥለው ይመጣሉ። ገንዳው ጥርት ያለ ነው፣ ሁሉም ይታያል። አቅም የሚጨምር ሌላ መጠቅለያ ሳጥኑ ውስጥ ነበር፣ ቀየርኩ። እጁን አቀለለለት፣ ፍጥነቱን ደግሞ ቀነሰበት፤ ቅጠሎቹ ጭራሽ ሞቱ። የሚዞረውን መጎተት አይችልም። የሚጎትተው አይዞርም።

ይበቃል፣ ቤት ውሰጂኝ አለ።

መኪና ውስጥ ፊቱን ወደ መስኮቱ አዞረ። ዓይኑን መጥረግ አይችልም። መንገዱን እያየሁ በአንድ እጄ ጠረግኩለት።

ሴፕቴምበር 10

ኦቨርታይም ጠይቀውኝ እንቢ አልኩ። የምሰፋበት የካዚኖ ዩኒፎርም ክፍል ሰው ጎድሏል፣ የካርታ አዳዮቹ ሰደርያ ተከምሯል። ይከመር።

ጋሼ ሲያስብ ሰንብቷል። እራት እያበላሁት ነገረኝ፣ በየጉርሻው መሀል እያረፈ። ትንሽ ክብ ብሌድ ቀስ ብሎም ሲጎተት ይዞራል። ግን አንዱ ብቻውን ደካማ ነው፣ ማጥመጃውን ወደ ላይ አይዘውም፤ ይሰምጥና ሐይቁ ውስጥ ያለው ሣር ይይዘዋል። ሦስት ትንንሽ ቢደረደሩስ? ሦስቱ ተባብረው ያነሡታል፣ ክብደታቸው ግን የሁለቱን ትልልቆች አያህልም። ፀጉሩም በዛ ይበል፣ እሱም ያንሳፍፈዋል። ቀለሙ? ውሃው አረንጓዴ ነው፣ ስለዚህ ብሌዱ ወርቅማ፣ ፀጉሩ ጥቁር።

ስለ ሐይቁ ሲያወራ ትን አላለውም። ልብ አልኩ።

ትንንሾቹን ብሌዶች ኦንላይን ኦርደር አደረግኩ። ፀጉሩን እኔ አስራለሁ አልኩት። ትችያለሽ? አለኝ። ስንት ሰደርያ ሰፍቻለሁ።

ሴፕቴምበር 14

የፀጉሩ ሥራ እንዳሰብኩት አይደለም። ክሩን ሳጠብቅ ፀጉሩ እንደ መጥረጊያ ይበተናል። ሳላላው ይወልቃል። ጋሼ አጠገቤ ሆኖ ይመለከታል። ትንሽ ትንሽ ዘለላ፣ ዙሪያውን፣ ተራ በተራ። የመጀመሪያውን ፈታሁት። ሁለተኛውንም።

ሦስተኛውን ሳስር ስለ ማሽኑ ጠየቅኩት፣ ሳላየው፣ ክሩን እያየሁ። ጉሮሮህን ቢበሱህ እዚሁ ከእኔ ጋር ትኖራለህ፣ ሥራ እተዋለሁ፣ ሁሉን እኔ አደርጋለሁ አልኩ። ለመንኩት ማለት ነው።  "በዛ" አለኝ። ፀጉሩን ነው መሰለኝ። ቀነስኩ።

ሴፕቴምበር 17

ሠራ።

የሩት ገንዳ። ሦስቱ ወርቅማ ብሌዶች ጥቁሩ ፀጉር ፊት ተደርድረው፣ በጋሼ አዝጋሚ እጅ፣ መዞር ጀመሩ። ከውሃው ወለል ትንሽ ዝቅ ብለው መጡ። አልሰመጡም። እሱም እስከ መጨረሻው አጠነጠነ። ደከመው፣ አረፈ፣ ደገመ።

ሩት ገንዳው ጠርዝ ላይ ተቀምጣ እግሯን ነክራ ነበር። ስልኳን ነበር የምታየው። ማጥመጃው በአጠገቧ ሲያልፍ ቀና አለች። "ይሰማኛል። እግሬ ላይ።" እንደገና አለችው፤ እንደገና ወረወርኩ። እንደ ልጅነቷ ተንበርክካ ውሃው ውስጥ አየች። ጋሼ ሳይቆም እያጠነጠነ ያያታል።

ልንሄድ ስንል፣ ዩታ እኔ እነዳለሁ አለች። 

አዲስ መንጠቆ አሰርኩበት።

ሴፕቴምበር 22፣ ሞቴል፣ ዩታ

ከጀልባ መልስ። ጋሼ ተኝቷል፣ ማሽኑ ይተነፍሳል። ሩት ሻወር ውስጥ ናት። ቶሎ ቶሎ ልጻፍ።

ጠዋት ብርድ። በብርድ ልብስ ጠቀለልነው። የተከራየነው ጀልባ ሰፊና ጠፍጣፋ ነው፣ ዊልቸሩ እንዳለ ገባ፣ በገመድ አሰርነው። ሩት ሞተሩን ያዘች። ዘንጉን ከወንበሩ ክንድ ጋር በማሰሪያ አጠበቅኩለት፣ እጀታውን እንዲይዝ ጨርቅ ጠቀለልኩበት። ወረወርኩ። አጠነጠነ። ሣር ያዘ፣ አላቀቅኩ። ወረወርኩ። ምንም። ምሳ፣ እርጎ። ምንም።

ከሰዓት ነፋሱ ቆመ። ጋሼ በጣም ደክሞታል፣ ማስኩን አድርጌለታለሁ። አንዴ ብቻ አለኝ በጣቱ። ሣሩ ዳር ወረወርኩ። ብሌዶቹ ሲመጡ ይታያሉ፣ ብልጭ ብልጭ። ከኋላቸው ውሃው ጠቆረ። እንጨት መሰለኝ። ከዚያ እንጨቱ ተንቀሳቀሰ።

ደብተሬ፣ እንዲህ ያለ ነገር አይቼ አላውቅም። ረጅም። ጎኑ ላይ መስመር መስመር። አፍንጫው ፀጉሩን ሊነካ ትንሽ ሲቀረው አብሮ ይመጣል፣ ሳይቸኩል። ጋሼ አይቶታል፤ እጁ ፈጠን ሊል ሞከረ።  ጀልባው አጠገብ ሲደርስ እጁ ቆመ። ሊያዞር ፈለገ፣ ጣቶቹን አየኋቸው፣ አልዞር አሉ። ዘንጉን ልነጥቀው ዘረጋሁ፤ በዓይኑ ተወኝ አለኝ። ብሌዶቹ መዞር አቆሙ። ማጥመጃው ቀስ ብሎ ሰመጠ። ዓሣው እዚያው ቆመ፣ ከሥራችን፣ ዓይኑ ሁሉ ይታይ ነበር። ከዚያ ዞሮ ሄደ።

 ጋሼ ማስኩን አንሺልኝ አለ።

"አያችሁት?"

"አየሁት፣ አባ። ትልቅ ነው" አለች ሩት። ስልኳን አላወጣችም።

ደግሜ ልወርውርልህ አልኩት። በእንቢታ ራሱን ነቀነቀ። "ይበቃኛል።" ሩቅ አልሄደም፣ ይመለሳል አልኩ። "ይበቃኛል፣ ሚሚ።"

ሩት ሞተሩን አስነሣች። ጀርባዋን ሰጥታን ነበር የምትነዳው። እያለቀሰች መሆኑን ከትከሻዋ አወቅኩ።

ሴፕቴምበር 24

ቤት፣ ቬጋስ፣ ሎን ማውንቴን።

መልሱን ሰጠ። አይበሳም። ማስኩ እስከሚበቃው፣ ከዚያ በቤቱ፣ እንዳይታፈን መድኃኒት እየተሰጠው። ሩት ለመነችው፣ በአማርኛም በእንግሊዝኛም፣ እግሩ ሥር ተቀምጣ። ልጄ፣ አለ፣ እጄንም እግሬንም ሰጥቻለሁ፣ በቀረችኝ በዚች ትንፋሽ እኔው ልወስን። እየቆራረጠ ነው የተናገረው፣ መጨረስ ከብዶት። መተርጎም የእኔ ድርሻ ነበር። ሁሉንም እንዳለው ተረጎምኩ። ምንም አላለሳለስኩም።

ከዚያ እኔን አየችኝ። እንድለምንላት። የጋሼን ማስክ መልሼ አደረግኩለት። 

ሴፕቴምበር 27

ሩት ለሦስት ቀን አልደወለችልኝም። ዛሬ ጠዋት መጣች፣ ያለ ሰላምታ ገባች፣ ጫማዋን አውልቃ አጠገቡ ተኛች። እሱ ማስክ ውስጥ፣ እሷ ትራሱ ጫፍ ላይ። በሩን መለስ አድርጌ ወጣሁ።

ትንፋሹ አጥሯል። ሩትም እንዳየችው አውቃለሁ።

ለሥራ ደውዬ ረጅም ፈቃድ ጠየቅኩ። ሱፐርቫይዘሬ ለስንት ጊዜ አለችኝ። አላውቅም አልኩ።

ከሰዓት ከቤ/ክ እህት አልማዝ ደወለች። እሁድ ከአምልኮ በኋላ ሴቶቹ ሁሉ መጥተው ሊጸልዩለት ነው። የጸሎት ርዕሱን ንገሪን አለችኝ፣ ፈውስ ብለን እንያዘው አይደል? መልሼ እደውላለሁ ብዬ ዘጋሁ።

ኩሽና ተቀምጬ አሰብኩበት። ከእንግዲህ አልለምነውም። እግዜርንም ከእሱ ምርጫ በተቃራኒ አልለምንም። እህት አልማዝ ጋ እደውላለሁ፣ ከመምሸቱ በፊት። ኑ፣ እላታለሁ፣ ዘምሩለት፣ መዝሙር ይወዳል። ግን ይዳን ብላችሁ ሳይሆን እንዳይፈራ ብላችሁ ጸልዩ። ድምፄ ከወጣልኝ ይህንኑ እላታለሁ።