በደጄ ስላለፈው መስመር

የኮንግረስ ምርጫ ክልል ካርታ ለምታሰምሩ ክቡራን፤ ዳኞች ሁኑ እንደራሴዎች ለይቼ ስላላወቅሁ ሁላችሁንም በአንድ ሰላምታ አጠቃልያለሁ።

ከሚኒያፖሊስ ዳር፣ ከብሩክሊን ፓርክ ጫፍ፣ ኅዳር ፲፱፻፹፱ ዓ.ም.

እንደምን ከረማችሁ? ቤተሰብ ደኅና ነው? ያቺ መስመር ያሰመረች እጃችሁስ እንደምን አለች? እኔ ሰባ አራት ዓመት ሞልቶኛል። በረዶዬን ራሴ እዝቃለሁ፣ ሽሮዬን ራሴ አማስላለሁ፣ ቁልፌንም ራሴ ጥዬ ራሴ አገኘዋለሁ። ፊደል የቆጠርሁት ሃምሳን ካለፍሁ በኋላ በመሠረተ ትምህርት ዘመቻ ነውና ግድፈት ብታገኙ ዘመቻውን ተቀየሙ እንጂ እኔን አትቀየሙ። ከአክብሮት ጋር የማቀርባቸው አቤቱታዎች የሚከተሉት ናቸው።

፩ኛ፤ ቤቴ ብሩክሊን ፓርክ ነው፤ መንገዱን ስሻገር ክሪስታል ነው። ከተሞቹ እዚያ እንደሚለያዩ ሰሌዳው ይናገራል። ኮንግረሱም እዚያው ላይ አብሮ እንደሚለያይ ግን የሚናገር ሰሌዳ አላቆማችሁም። ሰሌዳ ቢኖርም አላነበውም ነበር፤ ቢሆንም ለወጉ ያህል።

፪ኛ፤ ማዶ የምትኖረው ጎረቤቴ ጋዲሴ፣ ሆስፒታል የምትሠራ ብልህ ሴት ናት፣ ነገሩን ከሥሩ አስረድታኛለች። ለካ በየአሥር ዓመቱ ሕዝብ በተቆጠረ ቁጥር መስመሩ ይነቀላል፣ ይተከላል። ሚኒያፖሊስ ሰው ሲጎድላት ክልሏ ወደ ዳር ይዘረጋል፤ ድንች ይበቅልበት የነበረው የኛ ሰፈር ደግሞ ቤት ሲበቅልበት ለሌላ ይመደባል። በዚህስ አልደነቅም። የተወለድሁት ወሎ ጠቅላይ ግዛት ነው፤ ከመደቤ ሳልነሳ ክፍለ ሀገር አሉት፣ እኔ ከወጣሁ ወዲህ ደግሞ ክልል ብለው ከፋፈሉት። እናንተ ግን ስትከፋፍሉ ጥይት ስለማትተኩሱ ከልብ አመሰግናችኋለሁ። ሰው ሳይነቃ መከፈሉ ራሱን የቻለ ሥልጣኔ ነው።

፫ኛ፤ ዕድሬ ማዶ ነው። በኛ ወግ ደግሞ ሰው የሚቆጠረው ከሚቀብሩት ጋር ነው። ስለዚህ ዜግነቴን ባገኘሁ ማግስት የዕድሬ ሰዎች የሚመርጡትን ሰው «የኔ ሰው» አልሁና ተነሣሁ። ቅስቀሳ እንዴት እንደሚደረግ ስለማላውቅ እንደማውቀው አደረግሁት። ነጠላዬን አጣፍቼ፣ ሁለት ሽማግሌዎች አስከትዬ በየቤቱ እየገባሁ፣ «ድምፃችሁን ለዚህ ልጅ ትድሩልን ዘንድ መጥተናል» እያልሁ በሩ ሥር ቆምሁ። እንደ ወጉም ቁጭ በሉ እስክንባል አልተቀመጥንም። አብዛኛው ሰው እሺ አለ፤ አንዷ ጥሎሹ ምንድን ነው ብላ አሳፈረችን። በዕድሩ ስብሰባ ላይ ደግሞ፣ ማንም ሳይጠይቀኝ፣ ወዲህ በኩል የሚወዳደረውን ሰው ስም አንሥቼ «እንኳን ለአገር ለጎረቤት ድመት አይበጅም» አልሁ። ተጨበጨበልኝ።

በምርጫው ዕለት ወረቀቱን ገልብጬ ባይ የኔ ሰው ስም የለም። ስሙን የማውቀው በቅርጹ ነውና መነጽሬን ጠርጌ ደግሜ ፈለግሁ። በመጨረሻም አስመራጯን ሴትዮ ገጽ ጎድሎብኛል ብዬ ከሰስኋት። ለድመት አይበጅም ያልሁት ሰውዬ ግን ከላይ ተቀምጦ ያየኛል። ያንን ቦታ ባዶውን ተውሁት። የኔ ሰው ያለ እኔ አሸነፈ፤ ያኛውም ያለ እኔ አሸነፈ። ለዴሞክራሲ ያደረግሁት አስተዋጽኦ ይኸው ነው።

ይህ ሁሉ ሳቅ በሆነ ነበር። ነገር ግን አንዲት ልጅ አለችኝ፣ ገነት የምትባል፣ ናይሮቢ ሆና ወደዚህ የምትመጣበት ፋይል ተንቀሳቀሰ ሲሉት የሚተኛባት። እናቷን ሳትቀብር ቀረች፤ እኔንም ሳትቀብር እንዳትቀር እፈራለሁ። የኮንግረስ ሰው ደብዳቤ ቢጽፍ ፋይሉ ይነቃል ስለተባልሁ፣ ደክሜለታለሁ ብዬ ወደ «የኔ ሰው» ኦፊስ ሄድሁ። የተቀበለችኝ ልጅ ሻይ አቀረበችልኝ፣ አድራሻዬን አየች፣ ካርታ ዘረጋች፤ በጣም አዝና የእርስዎ እንደራሴ ያኛው ናቸው አለችኝ። የድመቷን ሰውዬ ማለቷ ነው።

ጋዲሴ ስትሰማ ሳቋን ይዛ፣ «አባባ፣ ከልብስዎ ጋር ወደ እኔ ቤዝመንት ይሻገሩና የፈለጉትን ይምረጡ» አለችኝ። ቸርነቷን አልረሳውም፤ ግን አልሻገርም። ክልል ይለዋወጥብኛል እንጂ እኔ ለክልል ብዬ ቤት አልለውጥም። ባለቤቴ አስካለማርያም፣ ነፍሷን ይማርና፣ ግትር የምትለኝ በከንቱ አልነበረም።

አቤቱታዬን ስጽፍ አንድ ነገር ተገለጠልኝ፤ ከእናንተ ይልቅ የኔ ጥፋት በዝቷል። ስለዚህ ዕዳዬን ለሰው ሳልጥል ራሴ እከፍላለሁ። ሁለቱን ሽማግሌዎች በማያገባቸው ደጅ ስላቆምኋቸው ይቅርታ እጠይቃለሁ። አስመራጯንም እንዲሁ። በዕድሩ ፊት የተናገርሁትን በዚያው ዕድር ፊት እመልሰዋለሁ፤ እንደማይጨበጨብልኝ አውቃለሁ። ማክሰኞ ደግሞ ያንኑ ነጠላ አጣፍቼ፣ የገነትን ፋይል ይዤ ወደ ያኛው ሰው ኦፊስ እሄዳለሁ። ፋይሉን ከማውጣቴ በፊት ያልሁትን ሁሉ፣ ድመቷንም ጭምር፣ አንድ በአንድ እነግረዋለሁ። ከሌላ ቢሰማው ልጄን ይጎዳብኛል፤ ከኔ ቢሰማው ምናልባት ይስቃል። በሩ ሥር እቆማለሁ፤ ቁጭ በል እስኪለኝም አልቀመጥም።

ሳይሻገር በተሻገረበት መስመር አጠገብ ሆኖ፣ ለእርሳሳችሁ ረጅም ዕድሜ እየተመኘ፣

አክባሪያችሁ ሳህሉ ምንዳዬ

ማስታወሻ፤ በፈረንጆቹ ሁለት ሺህ ሕዝብ ሲቆጠር መስመሩን እንደገና ታነሡታላችሁ አሉ። ያን ጊዜ ብትችሉ በአልጋዬ መሀል አሳልፉልኝ፤ እየተገላበጥሁ እመርጣለሁ። በአንደኛው ወገን ከአራት ዓመት ወዲህ ሰው ስለሌለበት ተቃውሞ አይነሣባችሁም። ከዚያ በፊት ግን ቆጣሪ ስትልኩ በሩን ጠበቅ አድርጎ ያንኳኳ፤ እግዜር ከፈቀደ የምትከፍትለት ገነት ናት፣ እንግሊዝኛውንም እሷ ትችላለች።