ቀበሌው የሰጠኝ ደም

ለተከበሩ አቶ ዓለምሰገድ
የቀበሌያችን ሥራ አስኪያጅ
ድሬዳዋ

ጉዳዩ፦ በመታወቂያዬ ላይ ለተጻፈልኝ የደም ዓይነት ምስጋና ስለማቅረብ

የተከበሩ ሆይ፣ ከሁሉ አስቀድሜ እንደምን ሰነበቱ እላለሁ። ባለፈው ሳምንት ከቢሮዎ ደጅ ቆሜ እንዳየሁዎት፣ እግዚአብሔር ይመስገን፣ መልክዎ ጥሩ ነው፤ ማራገቢያዎም ስለሚሠራ የዘንድሮው ሙቀት ያን ያህል አልጎዳዎትም። ባለቤትዎና ልጆችዎም ደኅና እንደሆኑ ሰምቼ ደስ ብሎኛል። ሁሉም በሕይወት አሉ ማለት ነው።

እኔ የሺመቤት እባላለሁ። በኢንዱስትሪ ፓርኩ ልብስ እሰፋለሁ፤ ባለቤቴ ፋራህም እዚያው የጭነት መኪና ይነዳል። ሦስት ጊዜ ወልጄ አንዲት ልጅ አለችኝ። ላነጋግርዎት አራት ጊዜ መጥቼ ሦስቱን ጊዜ ስብሰባ ላይ ነበሩ፤ በአራተኛው ያሉኝን ከታች እጽፈዋለሁ። እኔ ብዙ አልተማርኩም፣ ፈጥኜም አልጽፍም፤ ይህን ለመጨረስ አምስት እሑድ ፈጅቶብኛል። ጊዜዎን እንዳልወስድ ግን የምለምንዎትን አንድ ነገር አስቀድሜ እናገራለሁ፤ ረጅም ደብዳቤ እስከ መጨረሻው እንደማያነቡ ነግረውኛልና።

በማስታወቂያ ሰሌዳዎ ላይ እንዲህ የሚል አንድ ወረቀት ይለጥፉ፦ «በመታወቂያችሁ ላይ የሰፈረው የደም ዓይነት በምርመራ የተገኘ አይደለም። ነፍሰ ጡር የሆናችሁ ሁሉ ሄዳችሁ ተመርመሩ።» ይኸው ነው። የቀረው ሁሉ ምስጋና ነው።

፩ኛ፤ ስለ መታወቂያው። ከሰባት ዓመት በፊት ቀበሌው መታወቂያ በአዲስ ሲቀይር እኔም ተሰልፌ ነበር። መዝጋቢዎ ይሳቅ፣ ትሑት ልጅ ነው፣ ስሜን፣ የእናቴን ስም፣ የቤት ቁጥሬን ሞልቶ የደም ዓይነቴ ላይ ሲደርስ አላውቀውም አልኩት። ኮምፒውተሩ ደግሞ ባዶ ቦታ ካየ ወደ ፊት አላልፍም ይል ነበር፣ ሰልፉም እስከ አስፋልቱ ደርሷል። ይሳቅ ዓይኑን ሳያነሣ፣ «አቦ እናቴ፣ ኦ ፖዘቲቭ ልበልሽ፤ እሱ ለሁሉም የሚሆን ነው» አለኝ። እኔም አመሰገንኩት። ፎቶዬን ዓይኔ ተጨፍኖ ስለወጣ ሁለት ጊዜ አነሣኝ፤ ደሜን ግን አንድ ጊዜም ሳያየው ጻፈው። ያን ዓመት ቀበሌያችን ምዝገባውን አንድም ክፍት ቦታ ሳያስቀር ጨርሷል ተብሎ ዋንጫ እንደተሸለመ ሰምቻለሁ። ዋንጫውን ከወንበርዎ ጀርባ አይቼዋለሁ። ያምራል። አቧራም የለበትም።

፪ኛ፤ ስለ ማኅተሙ። ከዓመት በኋላ ትልቋን ልጄን አሚራን ልወልድ ጤና ጣቢያ ስሄድ የደም መመርመሪያው አልቆ ነበር። ነርሷ መታወቂያሽን አምጪ አለችኝ፣ ክቡ ማኅተም መኖሩን አይታ ከዚያ ላይ ወደ ካርዴ ገለበጠችው። በእርሷም እፈርድባታለሁ፤ ነገር ግን እርሷ ማኅተም አመነች፣ ማኅተሙን የመቱት እርስዎ ነዎት።

አሁን የተማርኩትን እርስዎም ይማሩት ዘንድ በአጭሩ ልጻፍልዎት፤ እኔ ይህን ትምህርት በውድ ነው ያገኘሁት፣ ለእርስዎ በነፃ ነው። ደሟ ኔጌቲቭ የሆነች ሴት ደሙ ፖዘቲቭ የሆነ ልጅ ስትወልድ በሦስት ቀን ውስጥ አንድ መርፌ ትወጋለች። ካልተወጋች የመጀመሪያው ልጅ ብዙ ጊዜ ምንም አይሆንም። የእናቲቱ ደም ግን የልጁን ደም እንደ ጠላት ማየት ይለምዳል፤ ቀጥሎ የሚፀነሰውን ገና በማኅፀኗ ሳለ ይዋጋዋል። መርፌው ያኔ በከተማችን ይገኝ እንደሆነ አላውቅም። ያስፈልግሻል ያለኝ ስላልነበረ ልፈልገው አልወጣሁም። አሚራ ጤነኛ ሆና ተወለደች፣ እልል ተባለ፣ ሦስቱ ቀናት አለፉ።

፫ኛ፤ ስለ ወንዱ ልጄ። የዛሬ አራት ዓመት ተወለደ። በማግስቱ ዓይኑም ገላውም ቢጫ ሆነ። በጤና ጣቢያው ጠዋት ጠዋት ፀሐይ አሙቂው አሉኝ። ድሬዳዋ ፀሐይ ተቸግራ አታውቅምና አሞቅኩት። በሦስተኛው ቀን መጥባት ተወ፣ አንገቱ ወደ ኋላ ተሳበ። በባጃጅ ወደ ሆስፒታል ስንሮጥ የደቻቱን ድልድይ ሳንጨርስ እቅፌ ውስጥ አረፈ። ባጃጅ ነጂው እንዳላወቀ ሆኖ እስከ ሆስፒታሉ ደጅ አደረሰን፤ ጨዋ ሰው ነው።

በፋራህ ቤተሰብ ሕፃን ስም የሚወጣለት በሰባተኛው ቀን ነው፤ በእኔ ወገን ደግሞ በአርባ ቀኑ ክርስትና ይነሣል። የትኛው ይቅደም ብለን ሁለታችን በሳቅ ስንከራከር ነበር። ልጁ ለአንዱም ሳይደርስ ስለቀረ ክርክሩን ማንም አላሸነፈም። ሞቱን ላስመዘግብ ወደ ቢሮዎ መጣሁ። ይሳቅ የሕፃኑ ስም ማን ነው አለኝ፤ የለውም አልኩት። ያን ቀን ባዶውን ቦታ የሚሞላበት ነገር አጣ። ስም የሌለው ሕፃን አይመዘገብም፣ ተመካክራችሁ ተመለሱ ብሎ በትሕትና ሸኘኝ። ስለዚህ በመዝገብዎ መሠረት ልጄ አልተወለደም፣ አልሞተምም። ይህንንም ውለታ እቆጥረዋለሁ፤ ከዋንጫው ላይ ምንም አልቀነሰምና።

ከሁለት ዓመት በኋላ ሦስተኛዋን ስምንት ወር ተሸክሜ እንቅስቃሴዋ ቆመ። ሞታ ተወለደች፤ ሴት ነበረች። ሐኪሙ ደምሽ ምንድን ነው ብሎ ጠየቀኝ፣ ካርዶቼን ሰጠሁት። የአሚራ ካርድ፣ የወንዱ ካርድ፣ የእርሷ ካርድ፣ ሦስቱም ኦ ፖዘቲቭ ይላሉ። ሦስት ምስክር አንድ ቃል ሲናገር ማን ይጠራጠራል? የኋለኛው ከፊተኛው፣ የፊተኛው ከመታወቂያዬ፣ መታወቂያዬ ከይሳቅ አፍ እንደተገለበጠ ሐኪሙ ከየት ይወቅ? የእግዚአብሔር ሥራ ነው ብሎ ፈረመ። እግዚአብሔር መልስ አልሰጠም፤ የእርስዎን ሥራ በስሙ ሲጽፉበት የመጀመሪያው አይደለም።

፬ኛ፤ ስለ ትዳሬ። እናቴ ወይዘሮ በለጠች ቁልቢ ድረስ በእግሬ አስኬደችኝ። የፋራህ እናት ከመጋላ ቁርአን የተቀራበት ውኃ በጠርሙስ አመጣችልኝ። ሁለቱንም ጠጣሁ። ጎረቤት ደግሞ ምክንያቱን አገኘሁ አለ፦ መስቀልና ጨረቃ በአንድ አልጋ ቢተኙ ልጅ ከወዴት ይበረክታል? እናቴ ወደ ቤትሽ ተመለሽ አለችኝ። የፋራህ አጎቶች ከወገንህ ሌላ አግባ አሉት። ፋራህ አልሰማቸውም፤ አንድ ቀን ግን ከሥራ መጥቶ ጫማውን ሳያወልቅ፣ «ምናልባት እውነታቸውን ቢሆንስ?» አለኝ። ዛሬ እውነቱን ካወቀ በኋላ አልቅሶ ይቅርታ ጠይቆኛል። ይቅር ብዬዋለሁ። ቃሉ ግን አሁንም ከእኛ ጋር እራት ይበላል። የቀበሌ ቢሮ በሰው ቤት ውስጥ እስከዚህ ድረስ ማገልገል እንደሚችል አላውቅም ነበር።

፭ኛ፤ እውነቱን ስላገኘሁበት መንገድ። በዚህ ዓመት የደም ባንክ ሰዎች ወደ ፋብሪካችን መጡ። ለምን እንደሰጠሁ አልዋሽዎትም፤ ለሰጠ ሰው ብስኩትና ጁስ አለ፣ የግማሽ ቀን ዕረፍትም አለ ተባለ። ከዚያም ለወላዶች ነው ሲሉ ሰማሁ፣ እጄን ዘረጋሁ። በሳምንቱ ሰምሰም የምትባል የደም ባንክ ሠራተኛ ደወለችልኝ። ድምጿ የምሥራች ነጋሪ ድምፅ ነበር። ደምሽ ኦ ኔጌቲቭ ነው፣ ከብዙ ሰው አንድ ነው የሚገኘው፣ እንደ አንቺ ያለ ሰው ስንፈልግ ነው የምንኖረው አለችኝ። ተሳስተሻል እህቴ፣ መታወቂያዬ ላይ ተጽፏል አልኳት። እንደ እኔ ያለች ልብስ ሰፊ የጻፈችው ይመስል ከመንግሥት ማኅተም ጋር ተከራከረችልኝ። ማን መርምሮሽ ነው የተጻፈው አለችኝ። ማንም አልኳት። ልጅ አለሽ ወይ አለች። አንዲት አለችኝ አልኳት። 

«ስንት አሉሽ አላልኩሽም፤ ስንት ወለድሽ?» አለችኝ።

የተከበሩ ሆይ፣ ሰባት ዓመት ሙሉ ከጤና ጣቢያም ከሆስፒታልም ከቢሮዎም ይህን ጥያቄ የጠየቀኝ አልነበረም። በስልክ የማላውቃት ልጅ ጠየቀችኝ፤ ከስፌት መኪናዬ ፊት ተቀምጬ ጨርቁን ይዤ አለቀስኩ። ተቆጣጣሪዋ መጥታ ኮታሽ ላይ አልደረስሽም አለች።

፮ኛ፤ ስለ አቀባበልዎ። በአራተኛው ጊዜ ሲያነጋግሩኝ ወንበር ሰጥተውኛል፣ ስለዚህም አመሰግናለሁ። የተናገሩትን አልረሳሁም። ቀበሌ የጤና ተቋም አይደለም አሉኝ። እውነት ነው፤ ስለዚህ ደም ባይጽፍ መልካም ነበር። የደም ዓይነቴን ለማስተካከል ከሆስፒታል ማኅተም ያለበት የምርመራ ማስረጃ፣ ማመልከቻና ሁለት ፎቶ አምጪ አሉኝ። ይህም ተገቢ ነው። ስሕተቱን ለመጻፍ ምንም ማስረጃ አላስፈለገም፣ እውነቱን ለመጻፍ ግን ጥንቃቄ ያሻል። ገና ወጣት ነሽ፣ ትወልጃለሽ አሉኝ። አልወልድም። ደሜ የተማረውን እንዲረሳ የሚያደርግ መርፌ አልተገኘም፤ ብፀንስም ከፊተኞቹ የባሰ ነው ብለውኛል ሐኪሞቹ።

ወረቀቱን ይለጥፉልኝ ብዬ ስለምንዎት ደግሞ ሕዝብ ይደነግጣል፣ ግምገማችንም ደርሷል፣ ከግምገማው በኋላ እናየዋለን አሉ። ስለ ሕዝቡ ድንጋጤ በማሰብዎ ልቤ ተነክቷል። እኔም ሕዝቡን ልየው ብዬ ወደ ግቢያችን ተመልሼ መታወቂያችሁን አሳዩኝ አልኩ። ስምንት ቤት፣ ዐሥራ ዘጠኝ መታወቂያ። ዐሥራ ዘጠኙም ኦ ፖዘቲቭ ናቸው። ኦሮሞው፣ ሶማሌው፣ ሐረሪው፣ አማራው፣ ጉራጌው፣ ሁላችንም ኦ ፖዘቲቭ። በየዓመቱ ደም የሚለግሰው ጎረቤታችን ሞሐሙድ ደሙ ኤቢ መሆኑን የሚያስረዳ የለጋሽ ካርድ በኪሱ አለ፤ በመታወቂያው ግን እርሱም ከእኛ አልተለየም። ድሬዳዋ የፍቅር አገር ናት ሲባል እሰማ ነበር፤ በአንድ ደም ያስተሳሰሩን እርስዎ መሆንዎን አላውቅም ነበር። ከእነዚህ ዐሥራ ዘጠኝ አንዷ የሞሐሙድ ምራት ሃምዳ ናት። የመጀመሪያ ልጇን አርግዛ ስድስተኛ ወሯን ይዛለች። መታወቂያዋን ስትሰጠኝ ልክ እኔ ያኔ እንደነበርኩት ፈገግ አለች፣ «የኔ ለሁሉም የሚሆነው ነው» አለችኝ።

እንግዲህ ምስጋናዬ ይህ ነው። ግምገማዎ ያማረ እንዲሆን እመኛለሁ። ክብርዎ እንዲሰፋ፣ ዋንጫዎ እንዲበዛ፣ በመዝገብዎ አንድም ክፍት ቦታ እንዳይገኝ እጸልያለሁ። ሁለት መቃብር ስለሞሉልኝ ትጋትዎም ዕድሜ ይስጥልኝ፤ ለልጆቼ የደረሰውን ያህል ዕድሜ ይስጥዎት እንዳልል ክርስትናዬ ይከለክለኛል።

ከታላቅ አክብሮት ጋር ትሑት ነዋሪዎ፣

የሺመቤት
በመታወቂያዬ ኦ ፖዘቲቭ፣ በገላዬ ኦ ኔጌቲቭ

ግልባጭ፦
ለመዝጋቢው ለይሳቅ፤ እንዲያነበው እንጂ እንዲሞላው አይደለም
ለማስታወቂያ ሰሌዳው፤ ወረቀቱንም ማጣበቂያውንም አያይዤአለሁ

የተዘነጋ፦ ወረቀቱ እስኪለጠፍ ድረስ የዕረፍት ቀኔን በጤና ጣቢያው በር ቆሜ ነፍሰ ጡሮችን መታወቂያ እጠይቃለሁ። ከሁሉ አስቀድሜ ያስመረመርኳት ሃምዳን ነው። ባለፈው ረቡዕ ደግሞ አንዲት መልከ መልካም ልጅ መጣች፤ ሰባተኛ ወሯ ነው፣ የመጀመሪያ እርግዝናዋ ነው። መታወቂያዋን ሳየው ስሟ ኑኃሚን ይላል፣ የአባት ስም በሚለው ላይ የእርስዎን ስም አነበብኩ። ደሟ ኦ ፖዘቲቭ ተብሎ ተጽፏል። እውነቱን ልንገርዎት፣ መልካም ወሊድ ብዬ መታወቂያዋን መለስኩላትና ጀርባዬን ሰጥቻት ጥቂት ሄድኩ። ከዚያ ተመለስኩ። አብሬያት ሄጄ አስመረመርኳት፣ ውጤቱንም አብረን አየነው። ለእርስዎ እንዳትነግርዎ ለምኛታለሁ፤ ታሪኬን ከሰማች በኋላ እሺ ብላኛለች። እኔም ቢጠይቁኝ አልናገርም። የልጅ ልጅዎ እንዴት እንደሚወለድ ሳያውቁ መንጋቱንና መምሸቱን ጥቂት ይዩት። እኔ አራት ዓመት አይቼዋለሁ፤ ለእርስዎ ግን ወረቀቱ ሰሌዳው ላይ እስከሚወጣበት ሰዓት ድረስ ብቻ ነው።