የትበርህን ሰዓት ማን እንደሰበረው

ዛሬ ቅዳሜ ኅዳር 14 ቀን 2017 ዓ.ም. እኔ ሀብተሥላሴ ወልደገሪማ፣ የቂርቆስ ክፍለ ከተማ፣ የካዛንቺስ ነዋሪ፣ እግሬ ቢከዳኝም አእምሮዬ ሙሉ ሆኖ፣ ማንም ሳያስገድደኝ፣ በአራት ምስክሮች ፊት ይህን ቃሌን ሰጥቻለሁ። የምትጽፍልኝ ጎረቤቴ ወይዘሮ ማዕዛ ናት፤ ያልኩትን ሁሉ እንድትጽፍ፣ እንዳታሳምርልኝም አዝዣታለሁ።

መኖሪያ ቤቴን ለልጆቼ ለልዑልቃልና ለመድኃኒት እኩል አውርሻለሁ። የግድግዳው ሰዓት የልዑልቃል ነው። ሰዓት አያስርም፤ ስልኩን እያየ እንኳ በየቀጠሮው ያረፍዳል። እወድሃለሁ ልጄ፤ ግን ኧረ እፈር!

ወረንጦዬ፣ ካቻቢቴዎቼ፣ ማጉያ መነጽሬና ማወልወያው ብረት የመድኃኒት ናቸው። ዕድሜዬን በመዝገብ ቤት ፈጀሁት፤ ደስታዬ ግን እሑድ እሑድ ሰዓት ፈትቶ መግጠም ነበር። ያስተማረኝ የለም፤ እያበላሸሁ ነው የተማርኩት።

አሁን ወደ ዋናው ልምጣ። የሟች ባለቤቴን የትበርህን የእጅ ሰዓት የሰበረችው መድኃኒት አይደለችም፤ እኔ ነኝ። በሰዓቱ ውስጥ ወዲያ ወዲህ የሚወዛወዘውን ክብ የሚሸከም ዘንግ አለ፤ ጫፉ ከፀጉር ብዙም አይወፍርም። ዝጎ ነበርና አወለወልኩት። አበራ። "ትንሽ ይቀረዋል" ብዬ ደገምኩት፤ ቀጭ አለ። በማግስቱ መድኃኒት አንስታ ስታየው "ምን አደረግሽው?" ብዬ ጮህኩባት። የአሥራ አራት ዓመት ልጅ ነበረች፤ እጇም ከእኔ እጅ ይሻል ነበር። ከዚያ ወዲህ ወረንጦ አልያዘችም። ሃያ ሁለት ዓመት ሙሉ ዝም አልኩ። ወይ እኔ!

ልጄ፣ ጫፉን ስታወለውዪ ብረቱን ዘይት አስነኪው፤ ጥቂት አመላልሺና በማጉያው እዪ። የምታዪው ማብራቱን ሳይሆን አለመቅጠኑን ነው። "ትንሽ ይቀረዋል" ያልሽ ጊዜ እጅሽን አንሺ። አዲስ ዘንግ አግኝቼ በክብሪት ሳጥን አስቀምጬልሻለሁ፤ እጄ ስለሚንቀጠቀጥ መግጠም አቅቶኛል።

እዚህ ላይ ማዕዛ ብዕሯን አስቀምጣ "ጋሼ፣ ልጅቷ ይህን ለመስማት እስኪቀበሩ ትጠብቅ ነው የሚሉት?" አለችኝ። ከምስክሮቹ አንዱ አቶ ሸምሰዲንም "እውነቷን ነው" አሉ። ፊቷን እፈራለሁ አልኳቸው። ቢሆንም ይህ አንቀጽ ሞቴን አይጠብቅም፤ መድኃኒት ከደምበል ተጠርታ በመምጣት ላይ ናት።

ተናዛዥ፦ ሀብተሥላሴ ወልደገሪማ (በጣት አሻራ)
ምስክሮች፦ ማዕዛ ተስፉ፣ ሸምሰዲን ኑሪ፣ ሃድጉ በርሄ፣ ጀማነሽ ወልዴ (ሁሉም ፈርመዋል)

በዚሁ ዕለት ለመድኃኒት ተነበበላት። ብዙ አለቀሰች። ቀጥሎም ቃሏ ከሥር እንዲጻፍላት ጠየቀች፦ "አባዬ፣ እስከ ዛሬ የሰበርኩት እኔ ይመስለኝ ነበር። በጣም ተናድጄብሃለሁ። ነገ እሑድ ነው፤ እመጣለሁ። መብራቱን ትይዝልኛለህ፤ ወረንጦውን ግን አልሰጥህም።"