ዋጋ በወረደ ቁጥር ቡና አይቆረጥም

ለወንድሜ ለክንዱ፣

እንደምን ከርመሃል? የአሰብ ሙቀት እንዴት ይዞሃል? እህል ውሃውስ ተስማማህ? እማዬም ልጆቹም፣ እግዚአብሔር ይመስገን፣ ደህና ናቸው። እኔንም አንተ ካስያዝኸኝ ንዴት በቀር የሚያመኝ የለም።

በ፷፱ ዓ.ም. ቡና ሲወደድ ምን ብለህ ጻፍህልኝ? «እታለም፣ ጌሾውን ነቅለሽ ቦታውን ሁሉ ቡና አድርጊው» አላልኸኝም? እምቢ ብል ሞኝ አልኸኝ። አራት ዓመት እንኳ ሳይሞላ ደግሞ «ቡና ረክሷል፤ ቆርጠሽ ባሕር ዳር ለማገዶ ሽጪው» ትለኛለህ። ሰምቼህ ቢሆን ኖሮ ያኔ ጌሾ የለን፣ ዛሬ ቡና የለን! የቸኮለች አፍሳ ለቀመች ሲባል አልሰማህም?

አባታችን ቡና ተወደደም ረከሰም በየዓመቱ ሲሶውን ብቻ ይሸጥ ነበር። የቀረውን ከነገለፈቱ አድርቆ ጎታ ይከታል። ሰው ሲስቅበት «ዛፉ የገበያ ወሬ አይሰማም፤ እኔስ ለምን እሰማለሁ?» ይል ነበር። ጎታውን አብረኸው ስትሞላ ነው ያደግኸው። ዛሬ የምትኮራበት ትምህርትህም በክፉ ዓመት ከዚያ ጎታ የወጣ ነው።

ይባስ ብለህ በጎን ለአጎታችን ልጅ ለቢያዝን ጻፍህለት። ከፋሲካ በኋላ አንድ ማክሰኞ ደብዳቤህንና ምሳሩን ይዞ በታንኳ መጣ። እማዬ ደረቷን እየመታች አለቀሰች። እኔ ግን ደሜ ፈላ። «ክንዱ ቁረጥ ካለህ የራሱን ቁረጥ» አልሁት። አባታችን በየክርስትናችን ዕለት አንዳንድ ቡና ተክሎልን የለ? ከደጁ ያለውን ያንተን አሳየሁት፤ ቆረጠው። ወደ ሌላው ሲዞር ከዛፎቹ ሥር ሄጄ ተቀመጥሁና «መጀመሪያ እኔን» አልሁት። አፍሮ ተመለሰ።

ያንተን ግንድ ግን አልሸጥሁትም። እማዬ እንዳታየው ከቤት ኋላ ደበቅሁት፤ ብቻዬን ሆኜም አለቀስሁ። ይኸንም እወቅልኝ።

እማዬ ጉንጭህን ስማሃለች። ባለቤቴ አምሐ ሰላም ብሎሃል፤ እሱም ተቀይሞሃል። ልጄ ጽጌ «አጎቴ መቼ ይመጣል?» ትላለች። የንስሐ አባታችን አባ መርስዔ ኀዘን «እግዚአብሔር ይፍታው» ብለዋል፤ እኔ ገና አልፈታሁህም። ጉቶህ ዝናቡ ከገባ ወዲህ አቆጥቁጧል። በሦስት ዓመት ያፈራል ይላሉ። እስከዚያ ስለ ዋጋ አንዲት ቃል እንዳትጽፍልኝ፤ ያፈራ ዕለት ግን ራስህ መጥተህ ልቀመው።

እኅትህ የብርጓል
ዘጌ፣ ሐምሌ ፲፪ ቀን ፲፱፻፸፫ ዓ.ም.