አንዴ ብቻ ተጠይቄ

ጅማ፣ አወቱ መንደራ
ግንቦት 20 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለምወድሽ ልጄ፣

እንዴት ነሽ? ወገብሽስ? የእግርሽ እብጠት ቀነሰልሽ? የሚብስብሽ ጠዋት ነው ወይስ ማታ? ይህን ሁሉ በስልክ ጠይቄሽ ነበር፤ የመለሰችልኝ ግን አማትሽ ናት። እኔ ፈጣሪ ይመስገን ደህና ነኝ። ጉልበቴ እንደ ልማዱ ዝናብ ሲመጣ ቀድሞ ይነግረኛል። ቤቱም ጎረቤቱም ሰላም ነው። ጎረቤታችን መድና በጣም ናፍቀሻታል። ይህን ደብዳቤ የምታደርስልሽ የእሷ ልጅ ሩፈይዳ ናት፤ እዚያው እናንተ ካልጋሪ ትምህርት አግኝታ ልትሄድ ነው።

በዚህ ዘመን ደብዳቤ ምን አስፈለገ ትይኝ ይሆናል። ስልክ ስደውል አማትሽ ፋንቱ ከአጠገብሽ አትጠፋም። በቪዲዮ እንኳ ሳይሽ ግማሹ አንቺ፣ ግማሹ እሷ ናት። ስለዚህ ይህን ብቻሽን ሆነሽ አንብቢው።

ልጄ፣ ቀናሁ። ሌላ ስም ልሰጠው ሞክሬ ነበር። ናፍቆት ነው አልኩ፣ ሐሳብ ነው አልኩ። አይደለም፣ ቅናት ነው። ባለፈው እግርሽን ጭኗ ላይ አድርጋ ስታሽልሽ ሳይ፣ ኔትወርክ ጠፋ ብዬ ስልኩን ዘጋሁት። ኔትወርኩ ደህና ነበር።

እኔ እኮ ሰቃ ጤና ጣቢያ ሃያ ስምንት ዓመት ያዋለድኩ ሴት ነኝ። ገበያ ስንወጣ በየመንገዱ ይቺ ናት ያዋለደችኝ እያሉ ሲያስቆሙን አንቺ ትሰለቺ ነበር። የሰው ልጅ ስታምጥ እጇን ይዤ አድሬ፣ የራሴን ልጅ ሌላ ሰው ይያዛት? ፋንቱ ሰኮሩ መንገድ ዳር ምግብ ቤት ያላት ሴት ናት። ጥብሷ ጥሩ ነው፣ አውቶቡሱ ሁሉ የሚቆመው እሷ ጋ ነው፤ እሱን አልክድም። ስለ እርግዝና ግን ምን ታውቃለች? ወተት አትጠጪ፣ የልጁ ገላ ላይ ነጭ ሆኖ ይለጠፋል አለችሽ አሉ። ጠጪ። ያ ነጭ ነገር ከወተት አይመጣም፤ ሃያ ስምንት ዓመት ስጠርገው የኖርኩት እኔ ነኝ።

አሁን ደግሞ የራሴን ጥፋት ልንገርሽ፤ እስከ ዛሬ አልነገርኩሽም።

በገና ዋዜማ ባልሽ አብነት ደወለልኝ። እማማ፣ ለመውለጃዋ መጥራት የምንችለው አንድ ሰው ነው፤ እርስዎ ይመጣሉ ወይስ እናቴ ትምጣ? አለኝ። እኔም፣ ኧረ ልጄ፣ ቡናው ከማድረቂያው አልጋ ሳይወርድ የት እሄዳለሁ፤ ፋንቱ ትምጣ እንጂ፣ አልኩት። ብዬ ጠበቅሁ። ኧረ እርስዎ ካልመጡማ እንዲለኝ፣ በሞቴ እንዲለኝ ጠበቅሁ። እሱ ግን እሺ፣ እንደ ፈቀዱ አለና መልካም በዓል ተመኝቶልኝ ዘጋው። በልጁ አልፈርድም። ከአሥር ዓመቱ ጀምሮ አጎቱ ዘንድ ካናዳ ያደገ ልጅ ነው። እኛ ዘንድ እንግዳ እንኳ ወደ ማዕድ ቅረብ ሲባል በሦስተኛው እንጂ በመጀመሪያው እንደማይነሳ ማን ያስተምረው? እዚያ አገር ሰው አልችልም ካለ አይችልም ማለት ነው አሉ።

ከበዓሉ በኋላ ሰቃ ወረድኩ። ቡናችንን የሚጠብቀው ቲጃኒ ፊቴን አይቶ፣ ማል ታቴ፣ ምን ሆኑ እትዬ፣ አለኝ። ነገርኩት። ሳቀብኝ። ቡናው እኮ ወርዶ ከረጢት ከገባ ሳምንት አለፈው፤ ይደውሉና ወርዷል ይበሉት፣ አለኝ። እውነቱን ነው፣ ቡናው ያኔም ወርዶ ነበር። ግን እምቢ ያለ ሰው ማንም ሳይለምነው ራሱ ተመልሶ እሺ ይላል? አፍሬ ተውኩት። በሚያዝያ ፋንቱ ሻንጣዋን ይዛ ሄደች። ስሸኛት አቅፌ ስሜያታለሁ፤ በሶም አስይዣታለሁ።

ባለፈው እሑድ አንቺ ተኝተሽ ሳለ ራሷ ደወለችልኝ። ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ፣ እህቴ፣ ልጄ እምቢ አሉ ብሎ ሲነግረኝ ወዲያው ገብቶኝ ነበር፣ አለችኝ። ሦስቴ ሳትለመኚ እንደማትነሺ አውቃለሁ፤ ደግመህ ጠይቃት ልለው አፌ ላይ ደርሶ ዋጥኩት፣ አለችኝ። ምን ልበላት? ምንም አይደል አልኳት። ከዘጋች በኋላ ግን መድና እስክትመጣ ድረስ ብቻዬን ስሰድባት ቆየሁ። መድና ሁሉንም ሰማችኝና፣ አንቺ ብትሆኚ ትነግሪው ነበር? እስቲ ወላሂ በይ፣ አለችኝ። እኔም እውጠው ነበር።

ፋንቱ ሌላም ነገር ነግራኛለች። ወገብሽን ስታሽሽ ዓይንሽን እንደ ጨፈንሽ፣ እንደዚያ አይደለም፣ እማዬ ከታች ወደ ላይ ነው የምታሸኝ፣ ብለሽ አስቆምሻት አሉ። ይህን ስሰማ ደስ አለኝ። ልጇን ወገቧን እያመማት ደስ የሚላት እናት አለች? እኔን ደስ አለኝ። ለንስሐ አባቴ ገና አልነገርኳቸውም።

ሩፈይዳ የያዘችልሽ ቅቤ የአራስ ነው፤ ለወጥ እንዳታወጣው ለአማትሽ ንገሪያት። ፖስታው ውስጥ ከደብዳቤው ጋር ያገኘሽው ወረቀት የፓስፖርቴ ኮፒ ነው። ኅዳር ላይ ማርገዝሽን የነገርሽኝ ሳምንት አዲስ አበባ የሄድኩት ዓይኔን ለመታየት አልነበረም። አብነት ሲደውል ፓስፖርቱ ቁም ሣጥኔ ውስጥ ነበር። አሁን ለመውለጃሽ እንደማልደርስ አውቃለሁ፤ እጅሽን የምትይዘው እሷ ናት። ክርስትናው ግን አለ። አብነት ይጠይቀኝ፤ አንዴ ይበቃኛል።

ፋንቱ ወንድ እንዲሆንላት ለገብርኤል ተስላለች አሉ። እኔ ማርያምን የምለምናት ሴት እንድትሆን ነው። አትቀየሚኝ ልጄ። ቪዛው ሁለት ወር ተኩል ይፈጃል ብለውኛል፤ የወንድ ክርስትና በአርባ ቀን ነው፣ የሴት ግን በሰማንያ።

ማርያም በሽልም ታውጣሽ፤ ምጥሽን ታቅልልሽ። ደጅሽን ሰላም፣ ጎጆሽን ሙሉ ታድርግልሽ።

እናትሽ