ሸኚዎቼ

ሰኞ፣ ግንቦት 9 ቀን 2013፣ ካምፓላ

የሳሙና ካርቶን ስደረድር ዋልኩ። ዝናብ። ኢንዱስትሪያል ኤሪያ ጭቃ በጭቃ፤ የቦዳ ሞተር ታክሲው ልጅ እስከ መጋዘኑ በር አላደርስም ብሎ መንገድ ላይ አወረደኝ። ዘግይቼ ገባሁ። አሠሪዬ ጋሽ ሙሔ አልጮኹብኝም። ስሚ ደብተሬ፣ አልጮኹም ነው የምልሽ! አቧራ አየሁ ብለው ሰፈር የሚያስነሱ ሰውዬ ዛሬ ሻይ አዘዙልኝ።

ከ/ሰዓት ወንድሜ ሰይድ ከኮምቦልቻ ደወለ። አባዬን ትንሽ አሞታል። ሆስፒታል ገብቷል። ልጄ መጥታ ትየኝ ይላል አለኝ። የሰይድ ድምፅ ጎርንኗል፤ ጉንፋን ነው አለ። አባዬን አቅርብልኝ ስለው ኦክስጅን ስላደረጉለት መናገር አይችልም አለኝ። በዒድ ዕለት እኮ ያ ሁሉ ሳቅ! እዚያው አግብተሽ እንዳትቀሪ እያለ ሲተርበኝ ነበር።

ያ ረቢ፣ ሳላየው እንዳትወስድብኝ። ሌላ ምንም አልለምንህም።

ማክሰኞ፣ ግንቦት 10

ቲኬት ተቆረጠ። የቆረጡት ጋሽ ሙሔ ናቸው፣ ሳልጠይቃቸው። ፈቃድ ልለምን አፌን ስከፍት በረራሽ ነገ ማታ ነው ብለውኝ ወደ መጋዘኑ ጓዳ ገቡ። የኮሮና ምርመራውም ጋ ራሳቸው ወሰዱኝ። አፍንጫዬ እስካሁን ያቃጥለኛል።

ሌላ ጉድ። ስልኬን ወሰዱት። ኤርፖርት ሌባ አለ፣ እኔ ዘንድ ይቀመጥልሽ ብለው ባለ ቁልፍ ተራ ስልክ ሰጡኝ። ፌስቡክ በየት በኩል እንደሚከፈት የማያውቁ ሰው ስለ ስልክ ሌባ ሲያስተምሩኝ ሳቄን ዋጥኩት። ተሟገትኩ፣ አልሆነም። እጄ ባዶ ባዶ ይለኛል።

ካምዎክያ ቤቴ ስገባ ጎረቤቴ እትዬ ብርሃኔ ሻንጣዬን እያዘጋጁ ነው። ዶሮ ሠርተዋል፤ እሳቸው ክርስቲያን ናቸው፣ ለእኔ ሲሉ ግን ሁልጊዜ ሙስሊም ያረደውን ነው የሚገዙት። ቀይ ቀሚሴን ከሻንጣው አውጥተው በጥቁሩ ለወጡት። ሆስፒታል ቀይ ለብሰሽ ልትገቢ ነው ወይ ብለው ተቆጡኝ። ልክ ናቸው። ብይ ሲሉኝ አልወርድ አለኝ።

ረቡዕ፣ ግንቦት 11፣ ማታ፣ ኢንቴቤ

ምን ዓይነት ሽኝት ነው! የመጋዘኑ ቫን ጢም ብሎ ሞላ። ሙየንጋ ሰፈር ልጅ የምትጠብቀው ጓደኛዬ ሳትቀር አሠሪዎቿን አስፈቅዳ መጣች። ለሳምንት ለሚሄድ ሰው! መንገዱን ሙሉ ግን ቀልድ ብጀምር የሚስቅ ጠፋ። በኮሮናው የተነሳ ከተጓዥ በቀር ስለማያስገቡ ኤርፖርቱ በር ላይ ተሰነባበትን። እ/ብርሃኔ አቅፈውኝ አልለቅ አሉ፤ ጠባቂው ነው የገላገለን።

ወደ ካምፓላ የመጣሁት በሞያሌ በአውቶቡስ ነው። አውሮፕላን ከቅርብ ሳይ ይኼ የመጀመሪያዬ። ሱብሃነላህ! ያ ሁሉ ብረት ከኤርፖርቱ አጠገብ ካለው ሐይቅ በላይ መጥቶ፣ ቀስ ብሎ፣ እንደ እርግብ መሬት ይነካል። ማስኩ ውስጥ አፌን ከፍቼ ቀረሁ። አባዬ ቢያየኝ ይስቅብኝ ነበር። ሳገኘው እነግረዋለሁ።

ትንሽ ቆይቶ

በረራው ተሰረዘ። ከሐይቁ ላይ አውሎ ነፋስ ተነሳ፤ የእኛ አውሮፕላን ማረፍ አቅቶት ተመለሰ። ነገ ጠዋት አሉን። አየር መንገዱ የያዘልን ሆቴል አልበቃ ብሎ እኔና ሌሎች አዳራሹ ውስጥ ቀረን። አለቀስኩ። አንድ ሌሊት! ለደህና ሰው ምንም አይደል፤ አባዬ ግን ባይቆየኝስ?

ጋሽ ሙሔ ጋ ደወልኩ። ሰዓት እላፊው ሳይደርስባችሁ ገባችሁ ወይ? ቤታችን ገብተናል፣ አልጋ ላይ ነን፣ አንቺም ጋደም በይ አሉኝ። ሰይድም ጋ ደወልኩ። አባዬስ? ያው ነው አለኝ። አይዞሽ፣ ይጠብቅሻል። ቶሎ ዘጋው።

ሌሊት

እንቅልፍ የለም። አጠገቤ ናሙሊ የምትባል የማሳካ ልጅ አለች፣ ለሥራ ዱባይ የምትሄድ፤ እሷም በረራዋ ቀርቶባታል። ሮሌክሷን ከፍላ ሰጠችኝ። የቀዘቀዘ ቂጣና እንቁላል እንዲህ ይጣፍጣል ብዬ አላውቅም።

መብረቁ ሐይቁን ሙሉውን ያበራዋል። እስከ ሰማይ ጥግ ውሃ። ከዚያ ጨለማ። ከዚያ እንደገና ውሃ። የየአገሩ ሰው ሻንጣውን ተንተርሶ ወለሉ ላይ ተኝቷል፤ አንዱ ሕንዳዊ ኮቱን አውልቆ ለማያውቃት አሮጊት አለበሳት። እኔ እንደ ሕፃን መስኮት ላይ ተለጥፌያለሁ። ፈራሁ፣ ደግሞም ደስ አለኝ። አባቴ ታሞ ደስ ይለኛል? ይቅር በለኝ። ግን ዓለም እንዲህ ሰፊ መሆኑን ማን ነገረኝ?

ሐሙስ፣ ግንቦት 12፣ ሲነጋ



በላይኛው ፎቅ መስኮት የመኪና ማቆሚያው ይታያል። ቫኑን አየሁት። የእኛን ቫን። ጋሽ ሙሔ አጠገቡ ካርቶን አንጥፈው ሱብሂ ይሰግዳሉ። ጓደኛዬ ደረጃው ላይ ተቀምጣ ፊቷን ትታጠባለች። ቤታችን ገብተናል ያሉኝ ሰዎች እዚያው አድረዋል፣ በዚያ ዝናብ! ልቤ ዘለለ። መስታወቱን ልደበድብ እጄን አነሳሁ።

ከዚያ እ/ብርሃኔ ከቫኑ ወረዱ። ነጠላቸውን አዘቅዝቀው ነው የለበሱት።

ነጠላ የሚዘቀዘቀው ለሐዘን ነው። ማታ ሲያቅፉኝ እንደ ወትሮው ነበር የለበሱት። እኔ ስገባ፣ ከእንግዲህ አታየንም ብለው አዘቀዘቁት። ላላዩት ሰው፣ ለኮምቦልቻው አባቴ፣ ሌሊቱን ሙሉ ቫን ውስጥ ሐዘን ተቀምጠዋል።

አባዬ ሞቷል።

ጻፍኩት። እጄ ጻፈው እንጂ እኔ አይደለሁም።

ሰይድ ጉንፋን አልያዘውም። ስልኬን የወሰዱት ፌስቡክ ላይ የአባዬን ፎቶ ከ«አላህ ይዘንለት» ጋር እንዳላገኘው ነው። ጥቁሩ ቀሚስም ለሆስፒታል አይደለም። ሁሉም ያውቃሉ። ከሰኞ ጀምሮ ሁሉም እያወቁ እፊቴ አንዲት እንባ አልጣሉም። እንዴት ቻሉት? እኔ ይኼን ሁሉ ሰው ከየት አገኘሁት?

ስልኬ ጠራ። ጋሽ ሙሔ። በመስኮቱ እያየኋቸው አነሳሁት። እንዴት አደርሽ አሉ። እኛ ቤት ነን፣ ገና ከአልጋዬ መነሳቴ ነው አሉኝ፤ አንድ እጃቸው ቫኑን ተደግፏል። እንደምንም ብዬ እንኳን ደህና አደሩ፣ ለእትዬ ብርሃኔ ሰላም ይበሉልኝ አልኩ። እሺ፣ ሲነቁ እነግራቸዋለሁ አሉ። ሲዘጉት ጋቢያቸውን ፊታቸው ላይ ጣሉ። ትከሻቸው ይንቀጠቀጥ ነበር።

ናሙሊ ማልቀሴን አይታ ጠየቀችኝ፣ ነገርኳት። ተናደደችልኝ። እዚህ አገር እኮ ሰው ሲሞት በሬዲዮ ይነገራል፤ እንዴት አባትሽን ይደብቁሻል? አሁኑኑ ውረጂና ጠይቂያቸው። ላስረዳት ሞከርኩ። በእኛ ዘንድ በሰው አገር ብቻውን ላለ ሰው መርዶ አይነገርም። ዘመዶቹ መሀል እስኪገባ ይጠበቃል፣ ሲወድቅ የሚይዘው ሰው በዙሪያው እስኪቆም። ከዚያ በማለዳ ሽማግሌዎች መጥተው ያረዱታል። ድሮ ሰው ሲያወራው የኋላ ቀር ውሸት እል ነበር። ለእሷ ሳስረዳ ለራሴ ገባኝ።

አልተናደድኩም አልልም። አባቴ ነው! የቀብሩ ቀን ካርቶን ስደረድር መዋሌ ያንገበግበኛል። መስታወቱን ብሰብረው ደስ ባለኝ። ግን ወርጄ አውቄያለሁ ብላቸው ያን ሁሉ ሌሊት ከእጃቸው እነጥቃቸዋለሁ። እ/ብርሃኔ ነጠላቸውን ሊደብቁ ሲደናገጡ ማየት አልችልም።

አልወርድም። ወሰንኩ።

ተጠራን። አውሮፕላኑ ቆሞ ይጠብቃል፤ ሐይቁ ረግቷል፣ ከላዩ ብርሃን ብቻ። ናሙሊ እጄን ይዛ እስከ ሰልፉ ሸኘችኝ።

ሰይድ አዲስ አበባ መጥቶ ይቀበለኛል። እሱም እኮ አባቱ ነው የሞተበት፤ በእኔ ምክንያት ስልክ ላይ ደህና ሰው መስሎ ሲያወራ ሰነበተ። መኪና ውስጥ ምንም አልጠይቀውም። ኮምቦልቻ ገብተን፣ ማልደው በሩን ሲያንኳኩ እኔ እከፍታለሁ፤ እስኪነግሩኝ ዝም ብዬ እቆማለሁ። ያኔ ወንድሜ በነፃነት ያለቅሳል። ልሂድለት።